አራት ቧንቧ ያለው ገንዳ፣ የኮክ ቀለም ያለው መስታወት፦ ስለ አሮጌ መርከቦች የውስጥ ማስዋብ የምታውቁ?

#1 የፊርማታ ልጅ (ሎስ አንጀለስ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣ ከምንወስድባቸው ቦታዎች አንዱ ሎንግ ቢች ወደብ ላይ ታስራ የቆመችው ኩዊን ሜሪ ናት። ሰሞኑን አክስቴን ይዤ ሄጄ እዚያው አደርን፤ መርከቢቱ ከባሕር ከተሰናበተች ወዲህ ሆቴልም ሙዚየምም ሆናለችና። ስለ ርዝመቷ (310 ሜትር ያህል ነው)፣ ስለ ፍጥነቷና ስለ ሦስቱ ጭስ ማውጫዎቿ የተጻፈው ብዙ ስለሆነ አልደግመውም። እኔን የያዘኝ የውስጧ ነገር ነው።

መጀመሪያ ያስተዋለችው አክስቴ ናት። መታጠቢያ ቤት ገብታ ወጣችና «ይህ ገንዳ አራት ቧንቧ ምን ያደርግለታል?» አለች። እውነትም አራት ነው። ሁለቱ ለሙቅና ለቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ፣ ሁለቱ ለሙቅና ለቀዝቃዛ የባሕር ውኃ። ንጹሑን ውኃ በቁጠባ መያዝ ግድ ነበር፤ የጨው ውኃ ግን ከታች እንደ ልብ ነው። በዚያ ላይ በባሕር ውኃ መታጠብ ለጤና ይበጃል የሚባልበት ዘመን ነበር። ተራ ሳሙና በጨው ውኃ አረፋ አለመስጠቱ የተሳፋሪው ችግር ነው። ዛሬ የጨው ውኃዎቹ ቧንቧዎች አይሠሩም፤ ግን በቦታቸው አሉ።

ሁለተኛው መስታወቱ ነው። መልኩ ወደ ኮክ ቀለም ያደላል። አስጎብኚው እንደ ነገረን፣ ማዕበል ሲያንገላታው ያደረ ተሳፋሪ ጠዋት ፊቱን ሲያይ ትንሽ ደም ያለው መስሎ እንዲታየው ታስቦ የተሠራ ነው። አክስቴ እንዲህ ዓይነቱን ለሳሎኗ ትፈልጋለች።

እንዲህ ያለ፣ ሰው አይቶ የሚያልፈው ነገር የምታውቁ ካላችሁ አካፍሉን። በዚህችም ይሁን በሌላ መርከብ። (ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጻፍ፤ አለበለዚያ መምታታታችን ነው።)

#2 ወለላ (አዲስ አበባ)

ጥሩ ርዕስ አነሣህ። አርክቴክቸር ተማሪ ነኝ፤ መርከቢቱን በፎቶግራፍና በፕላን እንጂ በአካል አላየኋትም። የውስጧን ሥራ የመሩት እንግሊዛዊው አርተር ዴቪስና አሜሪካዊው ቤንጃሚን ዊስታር ሞሪስ ናቸው። ከሠሩት ሁሉ እኔ የምመርጠው የአንደኛ ማዕረግ መመገቢያ አዳራሹን ካርታ ነው፤ የፊርማታ ልጅ፣ እሱን ሳታይ ወጥተህ ከሆነ ተመለስ።

አዳራሹ የመርከቢቱን ወርድ ከጎን እስከ ጎን ሙሉ በሙሉ ይይዛል፤ 36 ሜትር ገደማ ማለት ነው። በአንዱ ግድግዳ ላይ ማክዶናልድ ጊል የሳለው ግዙፍ የሰሜን አትላንቲክ ካርታ አለ። በአንድ ጫፍ የእንግሊዝ ጠረፍ፣ በሌላው የኒው ዮርክ ሕንፃዎች፣ በመካከሉ ውቅያኖሱ። በውቅያኖሱ ላይ ሁለት መንገዶች ተሠርተዋል፤ አንዱ አጭሩና ወደ ሰሜን ጠጋ ያለው፣ ሌላው የበረዶ ግግር በሚበዛባቸው ወራት ወደ ደቡብ ዞር ብሎ የሚሄደው። ከክሪስታል የተሠራች ትንሽ መርከብ በመንገዱ ላይ ትንቀሳቀስ ነበር። ተሳፋሪው ሾርባውን እየጠጣ ቀና ሲል የት እንደ ደረሰ ያያል።

እስቲ አስቡት፤ አምስት ቀን ያህል ከውኃ በቀር የሚታይ ነገር የለም፤ መስኮት ብትከፍት የትናንቱ ውኃ ነው። ጉዞው እየተጓዘ መሆኑን የሚነግርህ ያ ካርታ ብቻ ነው። ዛሬ አውሮፕላን ውስጥ ከፊት ለፊታችን ስክሪን ላይ የምናየው ነገር በ1936 በቀለምና በክሪስታል ተሠርቶ ነበር፤ ያውም ስንት እጥፍ አምሮ።

#3 ሞጋች (ዋሽንግተን ዲሲ)

እንዳስለመድኳችሁ ደስታችሁን ላደፈርስ ነው።

ይህች መርከብ «የውብ እንጨቶች መርከብ» እየተባለች ነው የተሸጠችው። ከ50 በላይ ዓይነት እንጨት ግድግዳዋን አልብሷል። ከየት መጣ? በአብዛኛው ከእንግሊዝ ግዛቶች። ስለዚህ ግድግዳው ማስዋቢያ ብቻ አልነበረም፤ «ይህ ሁሉ አገር የእኛ ነው» የሚል ማስታወቂያ ነበር። የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ የቅኝ ግዛትን ናሙና ተደግፎ ሲጋራውን ያጨሳል።

ሌላም አለ። ሥራው በታኅሣሥ 1930 ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ በሚገኘው የጆን ብራውን መርከብ መሥሪያ ተጀመረ፤ በታኅሣሥ 1931 ገንዘብ አጥሮ ቆመ። የከተማው ሠራተኛ የቆመውን የብረት አጽም እያየ ከሁለት ዓመት በላይ ሥራ ፈቶ ከረመ። በሚያዝያ 1934 እንደገና የተጀመረው መንግሥት ለመርከቢቱ ባለቤት ለኩናርድ ኩባንያ 9.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለማበደር ስለተስማማ ነው፤ ከዚያ ገንዘብ ከግማሽ በላዩ ለተከታይዋ መርከብ የታሰበ ነበር። ኩናርድም ከተቀናቃኙ ከዋይት ስታር ጋር እንዲዋሐድ ተገደደ። የኮክ ቀለም ያለው መስታወት ከመደነቁ በፊት የማን ገንዘብ እንደሆነ ይታወቅ።

#4 አናጺው ጋሼ (አዲስ አበባ)

ልጄ ሞጋች፣ ያልከው እውነት ነው፤ ግን ያንን እንጨት የለጠፈውም እጅ የሠራተኛ እጅ ነው። ለሱም ፍረድለት።

በእንጨት ሥራ ዕድሜዬን ስለ ጨረስኩ አንድ ሁለት ነገር ልበል። በነዚያ መርከቦች ግድግዳ ላይ የምታዩት ድፍን እንጨት አይደለም። ከሥሩ ኮምፔንሳቶ ነው፤ በላዩ እንደ ወረቀት የሳሳ የምርጥ እንጨት ልባስ በሙጫ ተጣብቋል። ዞጲ፣ ዋልነት፣ ማሆጋኒ፣ ያ የወፍ ዐይን የሚመስል ነጠብጣብ ያለው ሜፕል፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠሩት። ብልሃቱ ከአንድ ግንድ በተከታታይ የተላጡትን ሁለት ቅጠሎች እንደ መጽሐፍ ገልጦ ጎን ለጎን መለጠፍ ነው፤ ያኔ የእንጨቱ ሥር ግራና ቀኙ እኩል ይመጣል። አንድ ቅጠል ከተበላሸ ተከታዩ ዋጋ የለውም፤ ከሌላ ግንድ ብታመጣ አይገጥምም።

አሁን ይህንን የሚንቀሳቀስ ቤት ውስጥ ሥራው ቢሏችሁስ? ብረቱ በማዕበል ይለምጣል፤ በሙቀት ይለጠጣል፤ በብርድ ያልበዋል። እንጨት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ግድግዳውን ከብረቱ ጋር አጥብቀህ ብታስረው ይሰነጠቃል። ስለዚህ በመካከላቸው የእንጨት ማሰሪያ ይገባል፣ መገናኛው ላይ ክፍተት ይተዋል፣ ክፍተቱም በጌጥ ይሸፈናል። እናንተ «ምን የመሰለ ቀጭን የብረት ጠርዝ!» የምትሉት ብዙ ጊዜ ክፍተት ሸፋኝ ነው። በባሕር ላይ እያሉ ክፍሎቹ ሌሊቱን ሲንቋቁ ያድሩ እንደነበር የተሳፈሩ ሰዎች ሁሉ ያወራሉ። የሚንቋቋው ሥራው ስለከፋ አይደለም፤ እንዲንቀሳቀስ ስለተፈቀደለት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የፊርማታ ልጅ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመህ ወደ ጫፉ ስታይ ወለሉ ቀጥ ያለ ነው?

#5 የፊርማታ ልጅ

ጋሼ፣ አይደለም! አክስቴም «ቤቱ ዘመመ?» ብላ ነበር። ከመካከል ወደ ሁለቱ ጫፎች ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ ከሩቅ ሲታይ ወለሉ የጎበጠ ነው።

#6 አናጺው ጋሼ

ጠርጥሬ ነበር። መርከብ አፍንጫዋና ጅራቷ ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ማዕበል እንዳይገባባት። ወለሉ ተዳፋት ሲሆን በሩ ግን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። እንግዲህ የበሩ ታች፣ የመቃኑ ታች፣ የግድግዳው ሳንቃ ታች ሁሉ በሰያፍ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ሰያፉም ከበር ወደ በር ይለያያል። ያንን ያህል ኮሪደር ግራና ቀኝ! እኔ ብሆን ዋጋውን እጥፍ እጠይቅ ነበር።

#7 የፊርማታ ልጅ

አሁን ስላነሣችሁት ስለ ኮሪደር አንድ ታሪክ ልጨምር። ኩዊን ሜሪ በግንቦት 1936 የመጀመሪያ ጉዞዋን ስትጀምር ኮሪደሮቿ የእጅ መደገፊያ አልነበራቸውም። ይህን የምታህል መርከብ አትናወጥም ተብሎ ታምኖ ነበርና። አትላንቲክ ግን ማንንም አይፈራም፤ መርከቢቱ ክፉኛ የምታዘነብል ሆና ተገኘች። የእጅ መደገፊያዎቹ በኋላ ተጨመሩ፤ ያልታሰሩ የቤት ዕቃዎችም መታሰር ጀመሩ። መናወጡን የሚቀንሱት ከሆዷ ግራና ቀኝ የሚዘረጉ ማረጋጊያ ክንፎች የተገጠሙላት በ1958 ነው፤ ማለትም ዕድሜዋን አብዛኛውን ከኖረች በኋላ። ዛሬ በኮሪደሩ የሚሄድ ሰው መደገፊያውን ከመጀመሪያው የነበረ ጌጥ አድርጎ ነው የሚያየው።

#8 እመቤት ብሩክሊን (ኒው ዮርክ)

ስለ ኩዊን ሜሪ ስታወሩ ተቀናቃኟን ኖርማንዲን መርሳት አይቻልም። መርከቢቱ የለችም፤ በሮቿ ግን እኔ ሰፈር አሉ።

ኖርማንዲ በ1935 ሥራ የጀመረች የፈረንሳይ መርከብ ናት። የመመገቢያ አዳራሿ 93 ሜትር ይረዝማል፤ ከቬርሳይ ቤተ መንግሥት የመስታወት አዳራሽ ይበልጣል። ወደዚህ አዳራሽ የሚያስገቡት ትልልቅ በሮች ክብ ክብ የነሐስ ቅርጾች ያሉባቸው ናቸው፤ በክቦቹ ውስጥ የኖርማንዲ ግዛት ከተሞች ምስል ተቀርጿል። መርከቢቱ ከጠፋች በኋላ የማሮናይት ክርስቲያኖች ገዟቸውና ብሩክሊን ሃይትስ በሚገኘው የሊባኖስ እመቤታችን ካቴድራል ገጠሟቸው። ከመንገድ ላይ ሆኖ ማንም ሊያያቸው ይችላል፤ ክፍያ የለ፣ ወረፋ የለ። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ የሰው እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ያለው ነሐስ ከላይኛው ይልቅ ያበራል። ቀድሞ ባለጠጋ ለእራት የሚገባበት በር፣ አሁን አሮጊቶች ለቅዳሴ ይገቡበታል።

#9 ወለላ

እመቤት፣ በጣም አመሰግናለሁ፤ ፎቶግራፍ ብትለጥፊልን።

ስለ አዳራሹ ልቀጥል፤ መምህራችን በምሳሌነት የሚያነሡት ነውና። መርከብ ውስጥ ረጅም አዳራሽ መሥራት የሚከብደው ከቦይለሩ የሚወጣው የጭስ መተላለፊያ ከታች እስከ ላይ በመርከቢቱ መካከል ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ነው። የትኛውንም ትልቅ ክፍል ለሁለት ይከፍለዋል። የኖርማንዲ መሐንዲሶች መተላለፊያውን ለሁለት ከፍለው በመርከቢቱ ግራና ቀኝ ጎን አሳለፉትና ጣሪያው አጠገብ መልሰው አገናኙት። መካከሉ ባዶ ቀረ። ከአንዱ ሳሎን በር ላይ ቆሞ እስከ ሌላው ክፍል ዳር ድረስ ማየት የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ሥዕሉንና ወርቁን ያደንቃል፤ የሥራው ቁልፍ ግን የጭሱ መንገድ ነው።

አዳራሹ መስኮት የለውም። ስለዚህ ብርሃኑ ሁሉ ላሊክ የተባለው ፈረንሳዊ ባለሙያ ከሠራው መስታወት ነው፤ ወለሉ ላይ የቆሙ 12 የብርሃን ምሰሶዎች፣ ግድግዳው ላይ 38 መብራቶች። አየሩም በማሽን የሚቀዘቅዝ ነበር፤ በ1935 ይህ ብርቅ ነው። በዋናው ሳሎን ደግሞ ዣን ዱፓ የንድፉ ባለቤት የሆነባቸው የመርከብ ጉዞን ታሪክ የሚተርኩ የመስታወት ግድግዳዎች ነበሩ። ሥዕሉ የተሠራው በመስታወቱ ጀርባ ነው፤ ቀለም፣ ከዚያ የወርቅና የብር ቅጠል። ሠዓሊው የሚቀባው ከፊት ወደ ኋላ በተገላቢጦሽ ነው፤ ተመልካቹ መጀመሪያ የሚያየውን ቀጭን መስመር መጀመሪያ፣ ከበስተጀርባ ያለውን ሰማይ መጨረሻ። የተረፉትን ክፍሎች ኒው ዮርክ የሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ማየት ይቻላል።

#10 ሞጋች

እንግዲህ የዚያ ሳሎን መጨረሻም ይነገር። በየካቲት 9 ቀን 1942 ኖርማንዲ ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ወደ ወታደር ማመላለሻነት እየተለወጠች ነበር። ሠራተኞች በዚያው ዋና ሳሎን ውስጥ የቀሩትን የመብራት ማማ ብረቶች በብየዳ እሳት ሲቆርጡ ፍንጣሪው ተከምሮ በነበረ የሕይወት አድን ጃኬት ላይ አረፈ። ጃኬቱ ካፖክ በሚባል ጥጥ መሰል ነገር የተሞላ ስለሆነ እንደ ገለባ ነደደ። ከዚያ እሳት አጥፊዎች የረጩት ውኃ አንድ ጎኗን አክብዶ መርከቢቱ ተገለበጠች። ጌጡ አስቀድሞ ስለ ወጣ ነው የእመቤት በሮችና የወለላ መስታወት የተረፉት።

አሜሪካዊው የመርከብ ንድፍ ባለሙያ ዊልያም ፍራንሲስ ጊብስ እሳትን እንደ ጠላት የሚያይ ሰው ነበር። በ1952 ወደ ባሕር በወጣችው ዩናይትድ ስቴትስ በተባለችው መርከቡ ውስጥ ማንኛውም እንጨት እንዳይገባ ከለከለ። የተፈቀዱት የሥጋ ቆራጩ ጉማጅና ፒያኖው ብቻ ናቸው ይባላል፤ ፒያኖውንም ከአሉሚኒየም ይሠራልኝ ብሎ ጠይቆ ፋብሪካው እምቢ አለው። ዶሮቲ ማርክዋልድ ክፍሎቹን በአሉሚኒየም ወንበር፣ በመስታወት ቃጫና እሳት በማይበላው ጨርቅ አስጌጠችው። ጋሼ፣ ይህችን ምን ይሏታል?

#11 አናጺው ጋሼ

ሆስፒታል እላታለሁ።

እሺ፣ ቀልዱ ይቅር። ሴትዮዋ በተሰጣት ገደብ ውስጥ መሥራቷን አከብራለሁ። ገደብ ያለው ሥራ ከባዱ ሥራ ነው። ግን እሳት የማይበላው ያ ግድግዳ ከምን ነበር የተሠራው?

#12 ሞጋች

አስቤስቶስ ነበረበት። በ1990ዎቹ መርከቢቱ ተጎትታ ተወስዳ እስክትጸዳ ድረስ ውስጧ ተገፈፈ፤ ዕቃዎቿ ቀደም ብሎ በ1984 በጨረታ ተበትነው ነበር። በየካቲት 2025 ፍሎሪዳ ባሕር ውስጥ ሰጥማ የዓሣ መጠለያ እንድትሆን ታስቦ ከፊላደልፊያ ተጎትታ ወጣች። ስለዚህ እሳት ያልነካት መርከብም ውስጧ አልተረፈም።

#13 ትርሲት (ለንደን)

ዘግይቼ ገባሁ፤ ስለ ሠዓሊዎቹ ያነሣ ሰው ባለመኖሩ ገርሞኛል።

ኩዊን ሜሪ የኋለኛው ደርብ ላይ ቬራንዳ ግሪል የሚባል ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት፤ ማታ ማታ ጭፈራ ቤት ይሆናል። ግድግዳውን የሳለችው ዶሪስ ዚንካይሰን ናት፤ የቲያትርና የሰርከስ ሰዎችን። እኅቷ አናም በመርከቢቱ ላይ ሥራ ነበራት። የጭፈራው ወለል ዙሪያ መብራት ያለው አጥር ነበረው፤ መብራቱ ሙዚቃው ሲለዋወጥ ቀለሙን ይለውጣል። በ1936! በጦርነቱ ጊዜ መርከቢቱ ወታደር ስታመላልስ (በሐምሌ 1943 በአንድ ጉዞ 16,683 ሰው ይዛለች) የቬራንዳው ሥዕል ተጎዳ፤ ከጦርነቱ በኋላ ዶሪስ ራሷ ተመልሳ አደሰችው።

በተቃራኒው ዱንካን ግራንት ለዋናው ሳሎን እንዲሥል ታዝዞ ከሠራ በኋላ የኩናርድ አለቆች ሥዕሎቹን አልቀበልም አሉ። ኩባንያው ዘመናዊ መባልን ይፈልጋል፣ ዘመናዊነትን ግን ይፈራል። የመርከቢቱ ጠባይ እንዳለ እዚህ ላይ ይታያል ባይ ነኝ፤ ከኖርማንዲ ጋር ስትወዳደር ጨዋና ቁጥብ፣ ደፈር ያለው ነገር የተገኘው በትንንሾቹ ክፍሎች ነው። ለምሳሌ ወደ ፊት የሚመለከተው ግማሽ ክብ ቡና ቤት፤ ከባንኮኒው በላይ የኤ. አር. ቶምሰን ሥዕል አለ፤ በ1935 የንጉሡ የኢዮቤልዩ በዓል ጊዜ ሕዝቡ በጎዳና ላይ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲጨፍር። ባለ ማዕረጉ ተሳፋሪ መጠጡን የሚጠጣው ተራውን ሕዝብ እያየ ነው። ሞጋች፣ ይህችን ላንተ ነው የጻፍኳት።

የታይታኒክን እኅት የኦሊምፒክን ውስጥ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ወደ ሰሜን እንግሊዝ ይሂድ። በ1935 ጃሮ ላይ ስትፈርስ ሳንቃዎቿ ተሽጠው፣ አልንዊክ ከተማ ያለ ዋይት ስዋን የሚባል ሆቴል መመገቢያ አዳራሹን በእነርሱ አልብሷል።

#14 የሃይፋው

አጭር ጥያቄ። ኩዊን ሜሪ ላይ ምኩራብ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

#15 ትርሲት (ለንደን)

እውነት ነው። ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ለአይሁድ ተሳፋሪዎች ጸሎት የተለየ ክፍል ነበራት። በ1930ዎቹ አውሮፓ ምን ይካሄድ እንደነበር ስታስብ ክፍሉ ከስፋቱ በላይ ይናገራል።

#16 ሞጋች

ትርሲት፣ ስለ ቡና ቤቱ ሥዕል እናመሰግናለን፤ ክርክሬን ራስሽ ጨረስሽልኝ። ለጋሼ ግን አንድ ነገር እቀበላቸዋለሁ፤ በበሩ ሥር ያለውን ሰያፍ የቆረጠው ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም። የእርሱን ታሪክ የሚያውቅ ካለ እኔ ከሁሉ በፊት አነባለሁ።

#17 አናጺው ጋሼ

ስሙ ባይጻፍም ሥራው አለ። የፊርማታ ልጅ፣ ቅርብ ስለሆንክ አንድ ውለታ ዋልልኝ። ስትመለስ የሁለት ሳንቃ ማዕዘን የሚገናኝበትን ቦታ ፎቶግራፍ አንሣልኝ፤ ከኮሪደሩ ጫፍ አካባቢ ያለ የአንድ በር ታችም ጨምር። የካሜራውን መብራት አታብራ፣ ልባሱ ስለሚያንጸባርቅ ምንም አይታይም። ከጎን የሚመጣ ብርሃን ፈልግ። ማስመሪያ ይዘህ ሂድና በሩ ሥር አጋድመው፤ ሰያፉ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ለማየት ነው። አክስትህንም ሰላም በልልኝ፤ ዐይኗ የአናጺ ዐይን ነው።